የሙሽሪት እናት በወግ ስትደሰት

ሴፕቴምበር 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከአማቾቻችን ጋር ተዋወቅን። ሬስቶራንቱ ራሱ ሰው የሚያስፈራ ነበር። ጫማ አውልቀን ገባን፤ የካልሲዬ ጣት ሳስቶ ኖሮ እግሬን ቀሚሴ ስር ደብቄ ተቀመጥኩ። የሙሽራው፣ የዶጉን አባት ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ «ውድ ልጅዎን ወደ ቤታችን ለመቀበል በመብቃታችን እጅግ የተደሰትን መሆናችንን በአክብሮት እንገልጻለን» አሉ። ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። መርዶ ሊነግሩን ነው ብዬ ነበር።

እኔ ምን ልበል? «ውይ እኛስ! እኔማ ጮቤ ልረግጥ ነው!» ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። የከተማችን የሞክፖ ገበያ ሳቅ። ልጄ ሄሪም ከጠረጴዛው ስር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። የዶጉን እናት አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ፈገግ አሉ። ደግ ሴት ይመስላሉ፣ ግን ማን ያውቃል።

ሰርጉ ኖቬምበር 14 እንዲሆን ተቆረጠ።

ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ አፈነዳችው። «እማ ጉድ አደረግሽኝ! ጮቤ?»

«ታዲያ ደስ ብሎኝ ነዋ!»

«ደስታ እንደዚያ አይነገርም። ትልቅ ሰው ፊት ደስታ ዝቅ ብሎ ነው የሚነገረው። የራስሽ አታስመስዪው፣ ለነሱ ስጫቸው።»

ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሲከፋትም ሲደላትም በአንድ ድምፅ መናገር ያስተማሯት እዚያ ነው። እኔ ማባያ ሻጭ ነኝ፤ ደስ ሲለኝ ገበያው በሙሉ ይሰማል።

ሴፕቴምበር 22

ሌላ ጣጣ መጣብኝ። ሰርጉ ላይ እንግዶቹን የማመሰግነው እኔ ነኝ አሉ። አባቷ ቢኖር የእሱ ሥራ ነበር። የዶጉን አባት ይናገሩልን ብል፣ «አይሆንም፣ እናቴ አለችኝ» አለች ሄሪም። እናቴ አለችኝ ስትል ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዓይኔ እንባ ቢያወጣም አያስታውቅም።

የምለው ይሄ ነው፦ «ክቡር እግራችሁን አንስታችሁ ስለመጣችሁልን ቤተሰባችን በእጅጉ ተደስቷል፤ ምስጋናችንም የላቀ ነው።» ጎንበስ፣ ቀና፣ ዝም። ጥርስ አይታይም።

ከጎኔ ዓሣ የምትሸጠው ያንግኒም ስለማመድ ሰምታ፣ «የሄሪም እናት፣ ምነው አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ሂጂ ወደዚያ አልኳት።

ሴፕቴምበር 27፣ የመኸር በዓል

ሄናም ወርጄ ታላቅ እህቴ እትዬ ቡንሱን ዘንድ ዋልኩ። ሄሪም አልቻለችም፤ በበዓል ሆቴሉ ይሞላል። እትዬ የሩዝ ሙልሙሉን እንደ ልማዷ ጠቅልላ ጨርሳ ጠበቀችኝ፤ ግን ራሷ አንድም አልቀመሰችም። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ምንድነው ይሄ ብላት፣ «ጎመን ማሳ ውስጥ ስውል አቧራ ገብቶብኝ ነው» አለች። አቧራ ዓይን ቢጫ ያደርጋል?

ልጇ ጂንቴ ነገ ሐኪም ቤት ይወስዳታል።

ኦክቶበር 5

ካንሰር ነው። ቆሽቷ ላይ። ሐኪሙ ለጂንቴ ይህን ዓመት አትሻገርም ብሎታል።

ለሄሪም ጨጓራ ነው አልኳት።

ኦክቶበር 11፣ እሑድ

ሱቄን ዘግቼ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ትራሱ ውስጥ ጠፍታለች። የጎመን ከረጢት በጭንቅላቷ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ነበረች እኮ። ላለቅስ እንደሆነ ስላወቀችብኝ ቀደመችኝና፣ «ንግግርሽን አሰሚኝ እስቲ» አለች።

ተነስቼ አልጋው ፊት ቆምኩ። ጎንበስ። «ክቡር እግራችሁን አንስታችሁ ስለመጣችሁልን...»

«ቁጣ ቁጣ ይልሻል። ዓሣ እየሸጥሽላቸው ነው እንዴ?»

«ዓሣ የምትሸጠው ያንግኒም ናት፣ እኔ ማባያ ነኝ።»

ሳቀች። ሳቁ ወጋትና ሆዷን ያዘች። «አታስቂኝ በናትሽ» አለችኝ። ከዚያ በይ እንደገና፣ በይ ቀስ ብለሽ፣ በይ ዓይንሽን ዝቅ አድርጊው እያለች ስታስደግመኝ ዋለች። አጠገቧ የተኙት አሮጊት ሳይቀሩ ንግግሩን በቃላቸው ይዘውታል።

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «ማልሱን፣ ብሞት እንዳትመጪ። የሰርግ ቀን የቆረጠ ቤት ለቅሶ ቤት አይረግጥም። ጂንቴም ያውቃል።»

«አፍሽን ያዢው!»

«ደሞ ሄሪምን አንድ ቀን አምጪልኝ። ትንሽ ልያት።»

«ከሰርጉ በኋላ» አልኳት። «አሁን ልጅቷ መተንፈሻ የላትም።»

«ከሰርጉ በኋላ» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ምን ላድርግ? አክስቷን እንዲህ ሆና ብታያት ሄሪም ሰርጉን ትተወዋለች። አውቃታለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ሄሪም ሦስት ዓመቷ ነበር። ሱቁን እስካቆም ድረስ አራት ዓመት እትዬ ናት ያሳደገቻት። «ትልቋ እማ» ነው የምትላት እስከ ዛሬ። ልወስዳት የሄድኩ ቀን አውቶቡሱ መስኮት ላይ ተለጥፋ ትልቋ እማ፣ ትልቋ እማ እያለች ከሄናም እስከ ሞክፖ አለቀሰች። ተሳፋሪው ሁሉ ልጅ የሰረቅኩ ይመስል ያየኝ ነበር። ይሄ ምን አመጣው አሁን? ተኚ ማልሱን።

ኦክቶበር 18

ለሠርግ ቤት ሸርጣን ማዘዝ። የወንዱ ቤት ስጦታ። ደረቅ ዓሣ አልቋል። ወገቤ።

ሄሪም ደወለች። «ሰኞ ዕረፍት ነኝ፣ ትልቋ እማን አይቼ ልምጣ።» ሰኞ የሰርጉ ባህል ልብስ፣ የሃንቦክ ልኬት አለ አልኳት። ልኬቱ ማክሰኞም ይሆን ነበር።

ኦክቶበር 26

ሃንቦኬ ደረሰ። ሮዝ ነው፤ የወንዱ እናት ሰማያዊ ይለብሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን እየቆረጠች፣ «የዚያን ቀን ከሙሽሪት ቀጥሎ የሚታየው እናትየዋ ናት» አለችኝ። መስታወቱ ፊት ብዙ ቆምኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሐር ለብሼ አላውቅም።

ሄሪም ከኋላዬ ሆና፣ «ለትልቋ እማም ብናሰፋላትስ? ከተሻላት ከጎንሽ ትቁም» አለች።

«የእናት ቦታ ላይ የሚቆመው እናት ነው» አልኳት።

«እሱማ፣ ግን እሷም እኮ...»

«ወጉ ነው። እኔ አላወጣሁት።»

ስለ ወግ ሳስተምራት የመጀመሪያዬ ነው። ማታውን በሙሉ ሲከነክነኝ አመሸ፤ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

ኖቬምበር 2

እትዬ በስልክ። ድምፅዋ የሷ አይደለም። «አጥንተሻል?» አለች። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ ስፒናች እየጨመቅኩ አሰማኋት። «አሁን ሰው መሰልሽ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ጎመኑ አወራን። ዘንድሮ ጥሩ ጠቅልሏል አለች።

ስለ ሄሪም አልጠየቀችኝም። ቀለለኝ። ከዚያ ስለቀለለኝ ደነገጥኩ።

ኖቬምበር 8፣ እሑድ

እትዬ ዛሬ ጠዋት ሞተች።

ጂንቴ ነው የደወለው። «አክስቴ፣ እናቴ አደራ ብላለች፣ እንዳትመጪ። ለሄሪምስ?»

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩት።

አልነገርኳትም።

ኖቬምበር 9

ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ከንጋት ጀምሬ ስሠራ ዋልኩ፤ ባቄላ ቡቃያ፣ የፈርን ቅጠል፣ የተጠበሰ ዓሣ። ለቅሶ ቤት የሚቀርብ ነው። ያንግኒም መጥታ ድስቱን አየችና ገባት። «የሄሪም እናት፣ እንዳታብጂ። አምስት ቀን ቀርቶሽ! የለቅሶ ቤት ጦሱ ልጅሽ ላይ ይወጣል።» እሷ ባትለኝም አውቀዋለሁ። ለመግባት አይደለም፣ ምግቡን ለማድረስ ብቻ ነው አልኳት።

ሄናም ወረድኩ። የለቅሶ አዳራሹ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ለጂንቴ ደወልኩለት። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ክንዱ ላይ የሐዘን ጨርቅ አስሮ ወጣ። ዓይኑ አብጧል። ዕቃውን ከእጄ ተቀበለኝና ሁለታችንም ቆምን። በሩ ሲከፈት ነጭ አበባ ይታየኛል። ፎቶዋ ከዚያ ጀርባ መሆን አለበት። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

«አክስቴ፣ ትገቢያለሽ?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

እግሬን አነሳሁ፣ ቆምኩ። ሮዙ ሃንቦክ ትዝ አለኝ። በእህቴ ለቅሶ በር ላይ ቆሜ ትዝ ያለኝ ሃንቦክ ነው። አልገባሁም።

ቤቴ ስደርስ ከለቅሶ የተመለሰ ሰው እንደሚያደርገው ከበሩ ውጭ ቆሜ ራሴ ላይ ጨው በተንኩ። ትከሻዬ ላይ፣ ጫማዬ ላይ። የሙታን ነገር እንዳይከተለኝ ነው። በትኜ ስጨርስ ነው የገባኝ፤ የሚከተለኝ ማን ሆነና? እትዬ እኮ ናት። ከልብሴ ላይ ያራገፍኳት እትዬን ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ድምፅ ሳላሰማ ኡኡ አልኩ፤ ጎረቤት እንዳይጠይቀኝ አፌን በመሀረብ ይዤ።

ኖቬምበር 10

ዛሬ አቃጠሏት። አመዷ ተራራው ላይ ያለው ቤተ መቅደስ ይቀመጣል።

ልክ በዚያው ሰዓት ሄሪም ደወለች። ዶጉን የሰርጉን ጫማ የግራ የግራ ሁለት ገዝቶ መጥቷል፣ በሳቅ ልትሞት ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ «እጅግ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው» አልኳት። ሌላ ቃል ብጠቀም ድምፄ ይሰበር ነበር።

«እማ! ተማርሽ እኮ! እንደዚያ ነው!» ብላ አጨበጨበችልኝ።

ለካ ለዚህ ኖሯል የሚጠቅመው። ሰው ይሄን የወግ አነጋገር ያወጣው በውስጡ ያለው እንዳይታይበት መሆን አለበት።

ኖቬምበር 13

ነገ ነው። ልነግራት ሦስቴ ስልኩን አነሳሁ። ምን ልበላት? ትልቋ እማ ሞታለች፣ መልካም ሰርግ?

ኖቬምበር 14፣ ቅዳሜ

ሁሉም ነገር ያለ እንከን አለፈ።

ከዶጉን እናት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ገብተን ሻማ አበራን። ሄሪም ከመግባቷ በፊት በመጋረጃው ሥር፣ «ትልቋ እማስ? ጂንቴስ?» አለችኝ። «አልተሻላትም። ጂንቴ አጠገቧ ነው» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት አይደለም፤ ጂንቴ ቤተ መቅደሱ ነው ያለው፣ አመዷ ጋ።

ልጆቹ እግሬ ስር ሰገዱልኝ። ሌሎች እናቶች ሁሉ ያለቅሳሉ፤ እኔ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሄሪምን በዓይኔ ጠጣኋት። እኔን ብቻ ነበር የምታየው።

ማይክሮፎኑ ሲሰጠኝ፣ ጎንበስ፣ ቀና። «ክቡር እግራችሁን አንስታችሁ ስለመጣችሁልን ቤተሰባችን በእጅጉ ተደስቷል።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥርሴ አልታየም። የዶጉን አባት ምሳ ላይ መጥተው፣ «እንዲህ የሰከነ ንግግር ከሰማሁ ቆየሁ። ለኛም ክብር ነው» አሉኝ። ከሦስት መቶ ሰው በላይ ነበር። ሁሉም የሙሽሪት እናት፣ የሙሽሪት እናት ይሉኛል።

ቤት ገብቼ ሃንቦኩን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ።

ኖቬምበር 21

ከጫጉላቸው ተመለሱና እንደ ደንቡ መጀመሪያ ወደኔ መጡ። ሰገዱልኝ፣ ምሳ አቀረብኩ። ሄሪም ሻንጣዋን ከፍታ ለስላሳ የአንገት ልብስ አወጣች። «ይሄ የትልቋ እማ ነው። ምሳ በልተን በቀጥታ እሷ ዘንድ እንወርዳለን።»

ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ ሳህን ይዤ።

መጀመሪያ አልገባትም። «መቼ?» አለች። ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። «ታዲያ የጫማው ዕለት... የደወልኩልሽ ዕለት...»

«አዎ።»

ዶጉን ማንኪያውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። ሄሪም ጩኸት የላት፣ ልቅሶ የላት፣ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ለጂንቴ ነው የደወለችው። ስትመለስ ፊቷ እንደ ወረቀት ሆኖ ነበር።

«ሄሪምን አምጪልኝ ብላሽ ነበር?»

«ልጄ፣ ያኔ አንቺ...»

«ብላሽ ነበር ወይ ነው የምልሽ፣ እማ!»

«ብላኝ ነበር።»

የአንገት ልብሱን አጣጥፋ ወደ ሻንጣው መለሰችና ኮቷን ለበሰች። ዶጉን ሁለቴ ጎንበስ ብሎልኝ ተከትሏት ወጣ። ሸርጣኑን ማንም አልነካውም።

ኖቬምበር 22

አታነሳም።

ኖቬምበር 24

አታነሳም። እኔ እኮ ለሷ ብዬ ነው። ለሷ ብዬ ነው። ለማን ብዬ ነው ታዲያ?

ኖቬምበር 28

የዶጉን ወላጆች ሱቄ ድረስ መጡ። ሽርጤ በኪምቺ፣ በበርበሬው ጎመን፣ ቀልቷል፣ የማስቀምጣቸው ቦታ የለኝም። በገበያው መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ርዕሰ መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወገባቸው እስኪታጠፍ ሰገዱልኝ። የተለመደውን ንግግር ጠበቅኩ። ከዚያ፣ «እህትዎን...» ብለው እንባቸው ወረደ። እኚያ ሰውዬ!

እናትየዋ ናቸው የጨረሱላቸው። «ምነው ሳይነግሩን? ቀኑን እናዛውረው ነበር እኮ። እኛም ለቅሶ እንደርስ ነበር።»

«ወጉ...» አልኩ።

«ወጉማ ለሰው ነው» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልከለከለኝም ማለት ነው። እትዬ እንዳትመጪ አለችኝ እንጂ ለልጅቷ ደብቂያት አላለችኝም። አምጪልኝ ነው ያለችኝ። ለሃያ ዓመት ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ብቻዬን እናት ብሆን ምን ነበረበት? ይሄን አሁን ለምን ጻፍኩት?

ዲሴምበር 5

ጂንቴ ጎመን ላከ። የክረምቱን ኪምቺ የምንሠራው ሁልጊዜ በእትዬ ጎመን ነው። የዘንድሮውንም የተከለችው እሷ ናት። ብቻዬን ለሁለት ሰነጠቅኩት፣ ብቻዬን አጠብኩት። ያንግኒም ልታግዘኝ መጥታ እንዳየችኝ ምንም ሳትል ሽርጥ አሰረች። ለሄሪም ድርሻዋን ላክሁላት። አልመለሰችውም።

ዲሴምበር 26፣ ቅዳሜ

የእትዬ የአርባ ዘጠኝ ቀን ጸሎት ዛሬ ነበር። ነፍስ ለይቶላት የምትሄድበት ቀን ነው። ሌሊት በረዶ ጥሎ አደረ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ የሚወስደውን ደረጃ መነኩሴው በመጥረጊያ ጠርገውታል። ሄሪም ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች። ጥቁር ለብሳ ከጂንቴ ጎን ቆመች፤ በልጅ ቦታ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ስትሰግድ ቆጠብ አላለችም፤ ግንባሯ ወለሉን ሲነካ ይሰማኝ ነበር። እኔም ሰገድኩ። የእትዬን ፎቶ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ጎመን ማሳ ላይ የተነሳችው ነው፣ ፀሐይ ዓይኗ ገብቶ ፊቷን አጨማድዳለች። እትዬ ይቅር በይኝ አልኩ። በምን ዓይነት አነጋገር ይባላል ብዬ አልተጨነቅኩም፣ ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ።

የእትዬ ልብስ እንደ ደንቡ ግቢው ውስጥ ተቃጠለ። ጂንቴ የመነኮሳቱን ምሳ ሊያይ ሲገባ እኔና ሄሪም እሳቱ ዳር ቀረን። ከወር በላይ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር። ከስታለች። ኪምቺው ደረሰሽ ልል ነበር፣ እሳቱን በእንጨት ቆሰቆስኩ።

እሷ ናት የጀመረችው። እሳቱን እያየች፣ «እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትዋሽኝ» አለች።

«እሺ።»

«የሰርጉ ቀን፣ ስትናገሪ። የምርሽን ደስ ብሎሽ ነበር?»

አልነበረም ማለት ይቻል ነበር። ውስጤ እያረረ ነው የቆምኩት፣ ለአንቺ ብዬ ቻልኩት ብላት ምናልባት ታቅፈኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አልኳት። «እትዬ ሞታ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። እንባዋ ግን እየወረደ ነበር፣ አልጠረገችውም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ሞታ ስጨፍር ነው የዋልኩት እማ። ይቅር ልልሽ ያቃተኝ እሱን ነው።»

ከዚያ ጂንቴ ምሳ ቀርቧል ብሎ ጠራንና ገባን። አጠገቤ አልተቀመጠችም።